የቀረ አለ?

ጭብጨባው ሲጀመር እርሳስ ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆሙት ሁሉ ያጨበጭባሉ፤ ከኋላዋ ያሉትም ያጨበጭባሉ፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ያፏጫሉ። መድረኩ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የዲጄን ትከሻ ይዘው ፈገግ ብለዋል። እሳቸው ፈገግ የሚሉት የሒሳብ ውጤት ሲያምር ብቻ ነው ይባላል። ዲጄ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያፈረ መስሏል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ልጅ ማፈር ሲያምረው እንዲህ ነው።

«ይህ ልጅ የፈተና ኮምፒውተራችንን ከመደንዘዝ አድኖታል» አሉ ምክትሉ በማይክሮፎኑ። «በገዛ ጭንቅላቱ፣ ማንም ሳያግዘው።»

ማንም ሳያግዘው። እርሳስ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ ጣቷን እስኪያማት ጨበጠቻት።

እርሳስ የተባለችው ቀጭንና ረዥም ስለሆነች ነው። ስሙን ያወጣላት ደግሞ ራሱ ዲጄ ነበር፣ ገና ልጆች ሳሉ። እሱም ትምህርት ቤቱ ዝግጅት ባለው ቁጥር ሙዚቃ የሚያጫውተው እሱ ስለሆነ ዲጄ ተባለ፤ እናቱ እንኳ አንዳንዴ ትረሳውና በዚሁ ትጠራዋለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አልተለያዩም። የኮምፒውተር ክበብ የገቡትም አብረው ነው። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሠራለች። ለሁለቱም ተስማምቷቸው ነበር፣ እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ፈተናውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዞረ ወዲህ፣ በትልቁ ክፍል ያሉት ማሽኖች በሙሉ መልሳቸውን የሚልኩት ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ሥር ወደተቀመጠው ዋናው ማሽን ነው። ተማሪ አንድ ገጽ ጨርሶ «አስገባ» የሚለውን በነካ ቁጥር ዋናው ማሽን መልሱን ይቀበላል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ዲስኩ «ጨረስኩ» እስኪለው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። እስከዚያ ለሌላው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ዲስኩ ደግሞ አርጅቷል፤ ሲጽፍ ወገቡን እንደሚያመው ሰው ያቃስታል። ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድ ላይ «አስገባ» ሲል የሁሉም ስክሪን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ባለፈው ፈተና መልሱን እያወቁት ስክሪኑ እንደደረቀ ሰዓቱ አልቆባቸው እያለቀሱ የወጡ ነበሩ።

መላው የተገኘው ከስፌት ቤት ነው። የእርሳስ አባት ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ ብቻውን በነበረበት ጊዜ የጀመረውን ሱሪ እስኪጨርስ ድረስ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ከደንበኛው ኋላ ሌላ ይቆማል፤ ሦስተኛው ተናዶ ይሄዳል። ኋላ እናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ነገሩ ተቀየረ። እሷ ጨርቁን ትቀበላለች፣ ትለካለች፣ «ተቀብያለሁ፣ ይሂዱ» ትላለች፣ ጨርቁንም ከመጋረጃው ጀርባ ታሳልፈዋለች። አባትየው ከክምሩ አንድ በአንድ እያነሳ ይሰፋል። ማንም ማንንም አይጠብቅም።

አንድ ደንብ ብቻ አላቸው። እናቷ የብረቱን በር ከማውረዷ በፊት ወደ መጋረጃው ዞር ብላ «የቀረ አለ?» ትላለች። ለዛሬ የተቀጠረ ልብስ አንድም ካልቀረ አባትየው «የለም» ይላል። «የለም» እስኪል ድረስ በሩ አይወርድም፤ ዝናብ ቢመጣም፣ እንግዳ ቤት ቢጠብቅም አይወርድም።

እርሳስ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባችው ይህንኑ ነው። ተቀባዩን ከጸሐፊው ለየችው። ተቀባዩ የተማሪውን መልስ ይወስዳል፣ ሜሞሪ ላይ ወረፋ ያስይዘዋል፣ ለተማሪው አረንጓዴ ምልክት ይልክለታል፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይዞራል። ትሬድ የሚባል፣ ለብቻው የሚሮጥ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ደግሞ ከወረፋው አንድ በአንድ እያነሳ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ዲስኩ እንዳሻው ያቃስት፤ የሚጠብቀው የለም። መጀመሪያ የሠራ ቀን ዲጄ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ እሷም ሳቀች።

የጎደለው የመዝጊያው ጥያቄ ብቻ ነበር። ማሽኑ ሊዘጋ ሲል ወረፋው ባዶ መሆኑን የሚጠይቅ፣ ባዶ ካልሆነም «ቆይ» የሚል ትንሽ ነገር። ያንን ልትጽፍ ስትል እናቷ ደወለች። አባቷን ወገቡን ይዞታል፣ ሱቁን የሚይዝ ሰው የለም። እርሳስ ሥራውን ክበቡ ማሽን ላይ እንዳለ ትታ ሄደች፤ የቀረውን ቤት ጻፈችው፣ በፍላሽ ገለበጠችው። ይዛው ስትመጣ ግን ዲጄ ያላለቀውን አንስቶ ምክትሉ ቢሮ ገብቶ ወጥቷል። እነሆ ጭብጨባው።

ከሰልፉ በኋላ ደረጃው ሥር ያዘችው።

«ምን ልበልሽ» አለ ዲጄ እጁን ዘርግቶ፣ «ሐሳቡ የጋራችን አይደል እንዴ? አንቺ ደግሞ መድረክ አትወጂም። ስምሽ ቢጠራ ትሸማቀቂ ነበር። እኔ እኮ ነኝ ያተረፍኩሽ።»

«ማንም ሳያግዘው አሉ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«አንተ ነህ የነገርካቸው። ሂድና አስተካክል።»

ዲጄ ከልቡ ግራ የገባው መሰለ። «እንዴት አድርጌ? አንዴ ብቻዬን ነው ብያለሁ። አሁን ብመለስ ውሸታም ልባል ነው?»

እንዲህ ለሚል ሰው ምን ይባላል? እርሳስ ፍላሿን አውጥታ «ያነሳኸው አላለቀም» ልትለው አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። እየተደሰተ ሲሄድ ከኋላው አየችው፤ አንጀቷ አረረ። በቀሏ የተጀመረው እዚያው ደረጃ ሥር ነው።

ቤት ስትደርስ ነገሩን በሙሉ ተናገረች። እናቷ መቀሷን አስቀመጠችና ያ ልጅ ሁለተኛ ደጃፏን እንዳይረግጥ ተገዘተች። አባቷ ወገቡን በትራስ ደግፎ ተቀምጦ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ቀን እስከ ጉልበቱ እቆርጥለታለሁ አለ። እናትና ልጅ ሳቁ። የእርሳስ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ፤ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ያገኘችው በቀል ንጹሕ ነበር። ምንም ማድረግ አይጠይቅም።

ዲጄ ማሽን በሥርዓት ዘግቶ አያውቅም። ትዕግሥት የለውም። ጠረጴዛ ሥር ያለውን ማሽን ሲያጠፋ ጎንበስ እንኳ አይልም፤ ቁልፉን በጫማው ጫፍ ተጭኖ ቀጥ እስኪል ይይዘዋል። ያ ዋናው ማሽን ላይ ያለችው ቀይ መብራት ደግሞ ዲስኩ እየጻፈ እስካለ ድረስ ትርገበገባለች። መብራቷ እየተርገበገበች ማሽኑ ከጠፋ፣ ሜሞሪ ላይ ወረፋ የያዘውን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። አረንጓዴ ምልክት አይቶ የወጣ ተማሪ መልሱ የትም የለም። ሙከራ ሲደረግ ይህ አልታየም፤ ሙከራው ላይ የተቀመጡት ጥቂት የክበብ ልጆች ነበሩ፣ ወረፋው ወዲያው አለቀ። እውነተኛው ፈተና ግን ክፍል ሙሉ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ሥዕል የሚሣልበት ስለሆነ ከባድ ነው። ዲስኩ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላም ሲያቃስት ይቆያል።

እርሳስ ዝም ትላለች፤ ዲጄ በጫማው ይጫናል፤ ምክትሉ ውጤቱን ሲከፍቱ ግማሹ የለም። ከዚያ ያው ማይክሮፎን፣ ያው መድረክ፣ ያው አንገት ሰበር። ያን ጊዜ የእውነት ያፍራል። ተማሪዎቹ? እንደገና ይፈተኑ፤ ትንሽ ያጉረመርማሉ፣ ያልፋል። ይህን ደጋግማ ስታስበው ፊቷ ላይ ፈገግታ ይመጣል። እናቷ ብቻሽን ምን ያስቅሻል ስትላት ምንም አለች።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ ጋሼ አስቆማት። ጋሼ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጥ ነው ጋሼ የሚሉት። ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ሲሠራ ከርሞ የተመለሰ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ግሪስ በምን ሳሙና እንደሚለቅ እስካሁን አልታወቀም። ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣቶች ብቻ ይጽፋል፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጠፋ ብሎን እየፈለገ።

«እኔ አላጨበጨብኩም» አላት።

እርሳስ ወደ እሱ ዞረች።

«ክበቡ ክፍል ከኋላ ተቀምጬ ታይፕ ስለማመድ አይቻችኋለሁ። እሱ ስልኩን ይነካካል፣ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ለምክትሉ ልንገርልሽ? እኔን ያምኑኛል፤ መኪናቸውን ሠርቼላቸው አውቃለሁ።»

እሺ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። ጋሼ ቢሮ ይገባል፣ ምክትሉ ሁለቱንም ይጠራሉ፣ ነገሩ እዚያው በአራት ግድግዳ መሃል ያልቃል። እርሳስ ግን በአራት ግድግዳ መሃል እንዲያልቅ አልፈለገችም። የተጨበጨበው በሰው ፊት ነው፤ የሚዋረደውም በሰው ፊት እንዲሆን ፈለገች።

«ተወው ጋሼ፣ እኔ የራሴ አለኝ» አለችው።

«የራስሽ ምን?»

«ታያለህ።»

ጋሼ ግንባሩን ቋጠር አደረገ፤ ግን ሰው የማይነግረውን የሚጎረጉር ልጅ አይደለም። በዚያው ስለ ፈተናው አነሳላት። ይህ ፈተና ለቴክኒክ ክፍል የሚያሳልፍ ነው። የጋራዡ ባለቤት ትምህርትህ የሚሆን ከሆነ ይሁን፣ ካልሆነ ደግሞ መመላለሱን ተውና ጠቅልለህ ና ብሎታል። ጋሼ ጠቅልሎ መሄድ አይፈልግም። ሞተር መፍታት እንደማይጠላ፣ ግን አንድ ቀን የሚፈታውን ነገር ራሱ መሣል እንደሚፈልግ ነገራት። ሥዕል ላይ ማን ይችለዋል፤ ችግሩ ጽሑፉ ነው።

የፈተናው ጠዋት ዲጄ ደረቱ ላይ ክበቡ ያዘጋጀለትን ባጅ አድርጎ ከዋናው ማሽን አጠገብ ተቀምጧል። እርሳስን ሲያያት እጁን አወዛወዘላት፤ እንደ ወዳጅ። ይህ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ሰው በድሎህ ቢሸሽህ አንድ ነገር ነው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ሲልህ ግን ደም ያፈላል። ቦታዋን ይዛ ተቀመጠች። ጋሼ ከበስተግራዋ ሁለት ወንበር አልፎ ጣቶቹን ያፍታታል።

ምክትሉ ፊት ለፊት ቆመው ሕጉን አነበቡ። መነጋገር የለም፣ ስልክ የለም። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ፈተና አይደገምም» አሉ። «የመጨረሻ ገጹ ዋናው ማሽን ላይ ያልተገኘ ተማሪ እንዳልተፈተነ ይቆጠራል። አስገብቼ ነበር፣ ምናምን የሚል ሰበብ አልሰማም። አረንጓዴዋን ምልክት ሳታዩ እንዳትነሱ። አሁን ማሽኑ አስተማማኝ ነው፣ ዕድሜ ለወንድማችሁ።»

ዲጄ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

እርሳስ ክው አለች። አይደገምም? በቀሏ ውስጥ ይህ አልነበረም። በእሷ ሐሳብ ልጆቹ ትንሽ አጉረምርመው እንደገና ይቀመጡ ነበር። እጇን ልታወጣ አሰበች፤ ግን ምን ብላ ነው? አውቅ ነበር ብላ? ሰዓቱ ተጀመረ፣ ክፍሉ በቁልፍ ድምፅ ተሞላ፣ እጇ ሳይነሳ ቀረ።

ፈተናው አልከበዳትም። የከበዳት ሌላው ነገር ነው። ማን ማን እንደሚጎዳ ልቧ ሳይወድ በግድ ያሰላል። ቶሎ የሚጨርሱት አይነካቸውም፤ የእነሱ ተጽፎ ያልቃል። የእሷም አይነካም። ዲጄ ራሱ ማሽኑን ስለያዘ ዛሬ አይፈተንም። የሚጠፋው የመጨረሻዎቹ ነው፣ እስከ ደወሉ ድረስ የሚታገሉት። ደግማ ወደ ግራ ላለማየት ብትሞክርም አየች። ጋሼ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ፊደል ይፈልጋል።

ይፍጠን ብላ ለመነች። ከፈጠነ ያመልጣል፤ እሱ ካመለጠ ለሌላው ግድ የለኝም ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። የመጨረሻ ገጿን ላከች፣ አረንጓዴዋን አየች፣ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ በመስኮቱ ቆመች። ከዚያ ዋናው ማሽን ይታያል፤ ቀይዋ መብራትም ትታያለች። ደወሉ ሊደወል ሲል ተማሪው አንድ ላይ ላከና ተንጋግቶ መውጣት ጀመረ። የሚሳሳቅ አለ፣ መልስ የሚያመሳክር አለ፣ ፊቱ የጠቆረም አለ። ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ጋሼ ብቻ ቀረ። ደወሉ ተደወለ። ጋሼ ጣቱን አንስቶ አንዴ ነካ፤ ስክሪኑን አየ፤ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። ቀይዋ መብራት አላቋረጠችም።

ጋሼ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «ገባልኝ!» አላት። «አረንጓዴ አየሁ። ሥዕሉንማ አሳምሬ ነው የሣልኩት፤ ብታይው ትወጂዋለሽ።»

እርሳስ ቃሉን በልቧ ደገመችው። አረንጓዴ አየሁ። ያቺን ምልክት የሠራት ዲጄ አይደለም። ዲጄ የሰረቀው መድረኩን ነው፤ ምልክቷ የእሷ ናት። «ተቀብያለሁ፣ ይሂዱ» ያለችው እሷ ናት፣ ጋሼም አምኗት ወጥቷል። በመስኮቱ ስታይ ዲጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከወንበሩ እየተነሳ ነው። ቀኝ እግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሄደ።

ሮጠች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣ በወንበሮቹ መሃል አልፋ፣ ጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ ወደቀችና መዳፏን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ደፋችው። የዲጄ ጫማ እጇ ላይ አረፈ።

«ምን ሆነሻል?» እግሩን አነሳ። «እብድ ነሽ እንዴ? ልዘጋ ነው።»

«ቆይ።»

«አልቋል እኮ! ሁሉም አረንጓዴ አይቷል።»

«ቆይ አልኩህ።»

እጇ ላይ የጫማው ምልክት ወጥቷል፤ አላነሳችውም። ከጆሮዋ አጠገብ ዲስኩ ያቃስታል። ምክትሉ ወረቀታቸውን እንደያዙ መጡና ከጠረጴዛው ሥር የወጡትን የእርሳስን ረዣዥም እግሮች አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ዲጄን። «ምን እየጠበቀች ነው?»

ዲጄ ማሽኑን አየ፣ እርሳስን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ማሽኑ… ግሎ ነው፤ እስኪበርድ ነው።»

ምክትሉ ጎንበስ ብለው የማሽኑን ጎን በመዳፋቸው ነኩ። «አልጋለም» አሉ።

«ማለቴ ውስጡ ነው።»

«አንቺ ንገሪኝ እስቲ» አሉ ወደ እርሳስ ዞረው።

ጠረጴዛው ሥር ሆና ዲጄን ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም። ዓይኖቹ ይለምናሉ። ትንሽ ነገር ብትል ያድነዋል፤ ወረፋው ነው እየጠበቅን ያለነው ብትል፣ «እየጠበቅን» ብላ እሱንም ብትጨምረው ይበቃዋል።

«ማንም ሳያግዘው ነው የሠራው ብለውናል» አለች። «እሱ ይንገርዎት።»

ምክትሉ ጠበቁ። ዲጄ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ወሬ የማያጣው አፍ ወሬ አጣ። ጆሮዎቹ እየቀሉ ሄዱ። በሕዝብ ፊት አልነበረም፣ ማይክሮፎንም አልነበረም፤ ያም ሆኖ የእርሳስ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ጠግቦ ጠጣ ማለት ግን ውሸት ይሆናል። እጇ ያማታል፤ ኮሪደሩ ላይ የጋሼ ድምፅ ይሰማታል።

ቀይዋ መብራት ጠፋች። እርሳስ ትንሽ ጨምራ ጠበቀች። አልተመለሰችም። እጇን አነሳችና ወጣች፣ ጉልበቷን አራገፈች።

ምክትሉ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ አንድና አንድ ለመደመር ማይክሮፎን አያስፈልጋቸውም። ሁለቱን በየተራ አዩ። «የከሰዓቱን ፈተና ይህን ማሽን ማን ነው የሚይዘው?» አሉ።

የዲጄ እጅ ወደ ባጁ ሄደ።

«እኔ» አለች እርሳስ።

ምክትሉ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ዲጄን ቢሮ ሄዶ እንዲጠብቃቸው አዘዙትና ወጡ። ዲጄ ግን ወዲያው አልሄደም። ባጁን በጣቱ ይዞ ቆመ።

«ታውቂ ነበር?» አላት በዝግታ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካጨበጨቡልህ ጊዜ ጀምሮ።»

ማሽኑን አየ፣ ከዚያ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ። «ልጆቹስ?» አለ።

እርሳስ ዓይኗን ከወንበሮቹ አሸሸች። ደረጃው ሥር ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ የተናቀችው እሷ ነበረች። ዲጄ ባጁን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሄደ። ሲሄድ ደስ ይለኛል ብላ ያሰበችው ያ ጀርባ ይኸው ሄደ፤ ደስ አላላትም፣ አላዘነችለትምም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፍላሿን ከኪሷ አውጥታ ማሽኑ ላይ ሰካቻት። ያለቀው ፕሮግራም መገልበጥ ሲጀምር ጋሼ በሩ ላይ ብቅ አለ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ።

«ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የበረርሽው?» አላት። «የኔ ገብቷል አይደል?»

«ገብቷል። አሁን ገብቷል።»

«አሁን?» ጋሼ ሳቅ አለ። «እኔ እኮ ከወጣሁ ቆየሁ።»

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ምንም አልጠፋም፣ ማንም አያውቅም፣ ዲጄም ቢሆን ለጋሼ የሚነግርበት ምክንያት የለውም። ጋሼ ሥዕሉን እያሰበ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፤ እሷም ለብቻዋ የቆመላትን አንድ ሰው አታጣም። ስክሪኑ ላይ መገልበጡ ማለቁን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ።

እርሳስ ጎኗ ያለውን ወንበር በእግሯ ሳብ አደረገችለት።

«ና ቁጭ በል ጋሼ» አለችው። «የቀረ ነገር አለ።»